«አውራዋ ከወጣች ቀፎው ባዶ ነው»፦ አውራ እንዴት በሴት ይጠራል?

ሰዋስው ወዳድ፦ አንድ የጎጃም ንብ አርቢ ሲያስረዳ «አውራዋ ከወጣች ቀፎው ባዶ ነው» ይላል። አውራ ዶሮ ወንድ ነው፤ ንቧ ታዲያ በምን ሒሳብ «አውራዋ» ሆነች? ደግሞስ «ወጣች» ሲል መንጋው ተከፈለ ማለቱ ነው ወይስ ኮበለለ?

ደብተራው፦ አውራ ማለት አለቃ እንጂ ወንድ አይደለም። አውራ ጣት ወንድ ነው? አውራ ጎዳናስ? ይልቅ የንብ አለቃን ወንድ ያደረጉት ሌሎች ናቸው፤ አርስጣጣሊስ ራሱ «ንጉሥ» እያለ ነው የጻፈው።

ቅኔ ዘራፊ፦ ሥሩን ሳትነካ አለፍክ እኮ ጌታው። «አብ» እና «ርእስ» ተጣብቀው ነው አውራ የሆኑት።

ደብተራው፦ «ብ» ወደ «ው» መሄዱን ልቀበልህ፤ «እስ»ን ማን በላው? ነገ ደግሞ አውራሪስን «አውራ ርእስ» ልትለን ነው። በግእዝ «ንህብ» ነው፤ መዝሙር 117 ላይ «ከመ ንህብ» እያልን የምንደግመው። ንግሥተ ንህብ በልና ተገላገል።

ቀፎ ሰቃይ፦ ወንዱ የራሱ ስም አለው፤ ድንጉላ ይባላል። ወፍራም ነው፣ ዓይኖቹ አናቱ ላይ ሊገጥሙ ይደርሳሉ፣ መንደፊያ የለውም። የወንድ ዘር ካልነካው እንቁላል በ24 ቀን ይወጣል። ሠራተኛዋ 21 ቀን ያህል ይፈጅባታል፣ አውራዋ 16። ድንጉላ እያለ አውራን ወንድ ማድረግ ምን አመጣው?

ወይና ደጋ፦ ቆይ፣ «ዋ»ን አትቸኩሉባት። አማርኛ ትንሹን ፍጥረት ብዙ ጊዜ በሴት ይጠራል፤ ንቧ፣ አይጧ፣ ጢንዚዛዋ። ገበሬው ፆታዋን ስላወቀ ነው ለማለት «ዋ» ብቻዋን አትበቃም።

ቀፎ ሰቃይ፦ ከቀፎው ሁሉ ረጅሟ እሷ ሆና ሳለ ትንሽ አልካት?

ወይና ደጋ፦ ከዝንጀሮ ጋር ስትተያይ ወንድሜ።

ደብተራው፦ «አውራው» የሚልም ገበሬ አለ። የሱን ምን ልትለው ነው?

ቀፎ ሰቃይ፦ የሱም አውራ እንቁላል ትጥላለች። ወደ «ወጣች» ልመለስ። ሲከፈል የምትወጣው አሮጊቷ ናት፤ ግማሽ ያህሉን ንብ ይዛ ቅርንጫፍ ላይ ትንጠለጠላለች። ይህ የሚሆነው ብዙ ጊዜ የአዲሷ አውራ ቤት ሲታሸግ ነው። ያ ቤት በማሩ እንጀራ ጠርዝ ቁልቁል የተንጠለጠለ፣ ቅርፊቱ ያልተፈለፈለ ለውዝ የሚመስለው ነው። ስለዚህ ቀፎው ባዶ አይሆንም፤ ሳምንት ገደማ ቆይታ አዲሷ ከታሸገው ቤቷ ትወጣለች። ሙልጭ ብሎ የሚሄደው ሲኮበልል ነው፤ ጉንዳን ሲገባ፣ ውኃና አበባ ሲጠፋ፣ ወይም ማሩ ጨርሶ ሲቆረጥበት። ለጉንዳን በመቆሚያው እግር ዙሪያ አመድ ይነሰነሳል፤ ዝናብ ካጠበው ግን ወዲያው መድገም ነው፣ ጉንዳን በርጥብ አመድ ላይ ይሻገራል።

ወይና ደጋ፦ አውራዋ ሞታ ምትክ ካልወጣስ?

ቀፎ ሰቃይ፦ ሠራተኞቹ መጣል ይጀምራሉ። በአንድ ቀዳዳ ሁለት ሦስት እንቁላል ካየህ እሱ ነው። የሚፈለፈለው ድንጉላ ብቻ ስለሆነ ንቡ ቀስ በቀስ ያልቃል።

ቅኔ ዘራፊ፦ ድንጉላ ያልተኮላሸ ፈረስም ነው። ከፈረሱ ወደ ንቡ ሄደ ወይስ ከንቡ ወደ ፈረሱ?

ደብተራው፦ ፈረሱ ይቀድማል።

ቅኔ ዘራፊ፦ በምን ማስረጃ?

ደብተራው፦ በዕድሜ ይዤ።

ሰዋስው ወዳድ፦ እሺ፣ ላሊበላን «ላል ይበላል» ብለው ሲፈቱት ላል ማሩ ነው ንቡ?

ቅኔ ዘራፊ፦ ማሩ ነዋ! ንብ ማን ይበላል?

ቀፎ ሰቃይ፦ ማር ጠባ፣ ቀፎ ዘራፊው አውሬ፣ ስንት እጭ ከነእንጀራው እንደሚበላ ብታይ።