የሎደር ትራክተር ሃይድሮሊክ ዘይት ያንጠባጥባል፤ ከየት እንደሚያፈስ እንዴት ልለይ?

ጠያቂ፣ አራት ኪሎ
ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ አካባቢ ላለ ግቢ ሣርና አፈር የምናመላልስበት ባለ 25 ፈረስ ጉልበት ትንሽ ትራክተር አለ፤ ከፊት ሎደር (አፈር የሚያነሳ ባለ ባልዲ ክንድ) ተገጥሞለታል። አድሮ ሳየው በግራ የፊት ጎማው በኩል ሰሃን የሚያህል ዘይት መሬት ላይ አገኛለሁ። የመቆጣጠሪያ ቫልቩ ሥር ርጥብ ነው፤ የግራው ማንሻ ጃክ ዘንግም ርጥብ ነው፤ ሆዞቹ በአፈርና በዘይት ተለውሰዋል። በዚያ ላይ ባልዲውን አንስቼ ሞተር ሳጠፋ ቀስ እያለ ይወርዳል። አንድ መካኒክ «ሆዞቹን በሙሉ ቀይር» ብሎኛል። ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት የቱ እንደሚያፈስ በርግጠኝነት እንዴት ልወቅ? እስኪሠራ ድረስስ ባለ 68 (የውፍረት ቁጥሩ ነው) ተራ ሃይድሮሊክ ዘይት ብጨምርበት ችግር አለው?

ቁልፍ 19
ወንድሜ፣ ሆዝ ከመግዛትህ በፊት እጠበው። ዘይት ከሚያፈስበት ቦታ ተነስቶ በብረቱ ላይ እየሄደ ዝቅ ካለው ጫፍ ላይ ነው የሚንጠባጠበው። ጠብታውን ብቻ አይተህ ከፈረድክ ደህናውን ዕቃ ትቀይራለህ።

ባልዲውን መሬት አስነካው፣ ሞተሩን አጥፋ፣ ከዚያ የሎደሩን መቆጣጠሪያ እጀታ በአራቱም አቅጣጫ ደጋግመህ ግፋው፤ በመስመሩ ውስጥ የታመቀው ግፊት ይለቃል። ቫልቩን፣ ሆዞቹንና ጃኮቹን በብሩሽና በነጭ ጋዝ እጠብ፣ በኦሞ ውሃ ድገመው፣ በደንብ አድርቀው። የሕፃናት ፓውደር በሁሉም መገጣጠሚያ ላይ በስሱ ነስንስ። ሞተሩን አስነስተህ 10 ደቂቃ ያህል ሥራበት፤ ቀዝቃዛ ዘይት ወፍራም ስለሆነ ትንሽ ቀዳዳ ላይታይ ይችላል። ባልዲውን እስከ መጨረሻው አንሳና 2 ሰከንድ ያህል ብቻ ያዘው። ከዚያ በላይ ከያዝከው ዘይቱ በግፊት ማስተንፈሻው (ከልክ ያለፈ ግፊት በሚለቀው ቫልቭ) በኩል እየዞረ ይግላል። አውርደህ፣ አጥፍተህ እይ፤ ፓውደሩ ላይ ከሁሉም በላይ ያለው ርጥብ ነጥብ ምንጩ ነው። ከሱ በታች ያለው ሁሉ የወረደ ዘይት ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርህ። ሞተር እየሠራ ሆዝን በእጅህ እየዳሰስክ አትፈልግ። የዚህ ዓይነት ትራክተር ከ140 እስከ 200 ባር ግፊት ሊኖረው ይችላል፤ በመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ጓንትም ቆዳም ይበሳል። ካርቶን በረዥም እንጨት ላይ አስረህ በሆዙ ዳር አሳልፍ፤ ካርቶኑ ላይ ርጥብ መስመር ከወጣ እዚያ ነው። ዘይት ቆዳ ውስጥ ከገባ መጀመሪያ ላይ እንደ መርፌ ውጋት ትንሽ ነጥብ ብቻ ነው፣ ላያምም ይችላል። «ነገ አየዋለሁ» አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ሂድና ሃይድሮሊክ ዘይት በግፊት እንደገባብህ ተናገር። ጣት የሚቆረጠው በመዘግየት ነው።

የቶርኖ ልጅ
ከላይ የተባለው ትክክል ነው። የጃኩን ነገር ልጨምር።

ዘንጉ ላይ ስስ የዘይት ቅባት መኖሩ ጤናማ ነው፤ ጎሚኒውን (በዘንጉ ዙሪያ ዘይት የሚያግደውን የጎማ ቀለበት) ያለሰልሰዋል። ወደ ውስጥ ሲገባ ዘይት ቀለበት ሠርቶ ከተጠራቀመና ከተንጠባጠበ ግን ጎሚኒው አልቋል። ከመፍታትህ በፊት ጥፍርህን በዘንጉ ርዝመት አስኪድ (ሞተሩ ጠፍቶ፣ ግፊቱ ለቅቆ)። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ወይም የተላጠ ክሮም ካለ አዲስ ጎሚኒ ብትገጥም ዘንጉ መልሶ ይበላዋል፤ ቶርኖ ቤት ወስደህ አሠራው። ቀላል ሻካራነት ከሆነ 600 ከዚያም 1200 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በዘይት ነክረህ ዙሪያውን እሸው። በርዝመቱ አትሽ፤ የምትተወው መስመር ለዘይቱ መንገድ ይሆናል።

ጎሚኒ ለመግዛት የዘንጉን ውፍረት፣ የማስቀመጫ ቦዩን ዲያሜትርና ከፍታውን በካሊፐር ለካ፤ ለምሳሌ 30 በ40 በ10 ተብሎ ነው የሚጠየቀው። አሮጌውንም ይዘህ ሂድ፤ ግን ያበጠ ወይም የተጨፈለቀ ስለሚሆን ልኩን ከቦዩ ውሰድ። ስትገጥም የጎሚኒው የተከፈተ ከንፈር ወደ ዘይቱ ግፊት ይዙር። አቧራ ጠራጊው ቀለበት ደግሞ ከንፈሩ ወደ ውጭ ነው። ተገልብጦ ከተገጠመ በመጀመሪያው ማንሳት ያፈሳል። በካቻቪቴ አትግፋው፣ ከንፈሩን ይቆርጠዋል፤ ጫፉ የተድቦለቦለ እንጨት ይበቃል።

የባልዲው መውረድ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ከውጭው ፍሳሽ ጋር አታያይዘው። የቫልቩ ስፑል (ውስጡ እየተንሸራተተ ዘይቱን የሚመራው ዘንግ) ብረት በብረት ላይ ስለሚንሸራተት በትንሹ ማሳለፉ አይቀርም። ለመለየት ጃኩን እስከ መጨረሻው ዘርጋው፣ የሎደሩን ክንድ በብረት ድጋፍ አስይዝ፣ ሞተር አጥፍተህ ግፊቱን ልቀቅ። በዘንጉ በኩል ያለውን ሆዝ ፍታና የሆዙን ጫፍ በልኩ ብረት ታፕ (መክደኛ) ዝጋ፤ ክፍቱን የጃክ አፍ ወደ መቀበያ ዕቃ አዙር። አስነስተህ ወደ መዘርጋት በኩል ለአፍታ ግፊት ስጠው። ከተከፈተው አፍ ዘይት ሳያቋርጥ ከመጣ የፒስተኑ ጎሚኒ ነው። ካልመጣ ወደ ቫልቩ ሂድ።

ጠያቂ፣ አራት ኪሎ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አጥቤ ፓውደር ነሰነስኩ። ዘንጉ ደረቅ ነው። ርጥቡ ከቫልቩ ጀርባ ካለው ባለ 90 ዲግሪ ፊቲንግ ይጀምራል። አንዱ ሆዝ ደግሞ ሽቦው እስኪታይ ተፋፍቋል፤ እስካሁን ግን አያፈስም። ፊቲንጉን ጠበቅ ላድርገው?

ቁልፍ 19
በጉልበት አታጥብቀው። ቫልቩ ውስጥ የሚገባው ጫፍ ብዙ ጊዜ ኦሪንግ (ክብ የጎማ ቀለበት) ያለው ነው፤ ኦሪንጉ ከደረቀ ወይም ከተጨፈለቀ ማጥበቅ የቫልቩን ጥርስ ይሰነጥቃል እንጂ አያቆመውም። ፍታው፣ ለሃይድሮሊክ የሚሆን ናይትራይል ኦሪንግ በልኩ ግዛ፣ ዘይት ቀብተህ ግጠም። የሆዙ በኩል በሾጣጣ አፍ የሚገናኝ ከሆነ በሁለት ኪያቤ ሥራ፤ አንዱ ፊቲንጉን ይያዝ። በእጅ እስኪቆም አዙርና ከዳዶው ስድስት ጎኖች አንድ ወይም አንድ ተኩል ጎን ያህል ጨምር። ቴፍሎን አትጠቅልልበት፤ እዚያ የሚዘጋው ብረቱ እንጂ ጥርሱ አይደለም። የቴፍሎኑ ብጣሽ ስፑል ውስጥ ገብቶ ይቆልፍሃል።

የተፋፋቀውን ሆዝ ግን ዛሬውኑ ቀይር፤ ሽቦው ዝጎ ድንገት ይፈነዳል። አሮጌውን ከነሁለቱ ጫፎች ሶማሌ ተራ (መለዋወጫ ወደሚሸጥበት) ይዘህ ውረድ፤ ርዝመቱ፣ የጥርሱ ዓይነትና የታጠፉት ጫፎች አቅጣጫ ከሱ ይወሰዳል። ባለ ሁለት ሽቦ (ጎማው ውስጥ ሁለት ድርብ የሽቦ ጥልፍ ያለው) ይሁን። የግማሽ ኢንች ባለ አንድ ሽቦ 160 ባር ገደማ ነው የሚችለው፣ ባለ ሁለት ሽቦው 275 ገደማ። በማሰሪያ ቀለበት የታሰረ ጥገና አትቀበል።

ማርሽና ዘይት
ባለ 68 ጥያቄህን ማንም አልመለሰልህም። አትጨምር። በብዙዎቹ ትንንሽ ትራክተሮች ሃይድሮሊኩ፣ ማርሹና ዘይት ውስጥ ያለው ፍሬን አንድ ዘይት ነው የሚጋሩት። ተራ ሃይድሮሊክ ዘይት ለፍሬኑ የሚያስፈልገው ቅመም ስለሌለው ፍሬኑ ይጮሃል፣ ይበላል። በመመሪያው የተጻፈውን የትራክተር ማርሽና ሃይድሮሊክ ዘይት ግዛ።

እግረ መንገድህን የዘይት ማጠራቀሚያውን መተንፈሻ ፍታና አጽዳ፤ በጭቃ ከተደፈነ ውስጡ እየታመቀ ደህናውን ኦይል-ሲል (ዘይት የሚያግድ ጎማ) ይገፋዋል። ፖምፓው ካፏጨና ዘይቱ አረፋ ከሠራ ደግሞ ውጭ ጠብታ ባይታይም በመሳቢያው መስመር አየር እየገባ ነው። የመሳቢያ ሆዙን ማሰሪያና ፊልትሮውን እይ። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ በከፊል የተደፈነ ፊልትሮ እዚህ ቶሎ ያስጮኻል።

ገጥመህ ስትጨርስ ጃኮቹን ያለ ጭነት ቀስ እያልክ ደጋግመህ ዘርጋና ሰብስብ፤ አየሩ ይወጣል። የዘይቱን ልክ ስታይ ትራክተሩ ሜዳ ላይ ይቁም፣ ባልዲው መሬት ይንካ፣ ሞተሩ ይጥፋ። ባልዲው ተነስቶ ካየኸው ጎደለ ብለህ ከልኩ በላይ ትሞላዋለህ።