ቀይ ቦሎቄ አልበስል አለኝ፤ ለነገ ምሳ ዕቃ ችብስ ልጥበስለት?

የመጀመሪያ ልጅ እናት፣ ሐዋሳ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ትልቁን ቀይ ቦሎቄ ከ12 ሰዓት ጀምሮ ጥጄዋለሁ። አሁን 3 ሰዓት ሊሆን ነው፣ ጥርስ አይገባውም። መብራት ስለጠፋ ከሰል ላይ ነው ያለው። የልጄ አስተማሪ «በየቀኑ ችብስ አትቋጥሩለት» ብላ ደብተሩ ላይ ጽፋለች። ግን ድንችም ቦሎቄም ያው ሆድ መሙያ አይደሉም? ልዩነታቸው ያን ያህል ነው? ዘይቱ ተዘጋጅቷል።

ታቦር ሥር፦ እኛም ጋ መብራት የለም። አይዞሽ፣ ቦሎቄው እስኪበስል ይመጣል።

መምህሩ፦ እህቴ፣ ልዩነታቸውማ ሰፊ ነው። 100 ግራም የተቀቀለ ቀይ ቦሎቄ 127 ካሎሪ ገደማ አለው። ፕሮቲኑ 9 ግራም ይጠጋል፣ ቅባቱ ግማሽ ግራም ብቻ ነው። ያንኑ ያህል ችብስ ግን ከ300 ካሎሪ ያልፋል። 15 ግራም ያህሉ ቅባት ነው፣ ፕሮቲኑ 3 ግራም ተኩል አይሞላም። ቦሎቄ በብረትና በፋይበርም ይበልጣል። ከእንጀራ ወይም ከበቆሎ ቂጣ ጋር ሲበላ ደግሞ አንዱ የጎደለውን ፕሮቲን ሌላው ይሞላለታል። ብቻ ምግቡ ላይ ሻይ አትስጪው፣ ብረቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ይይዘዋል።

መናኸሪያ፦ ሶዳ ጨምሪበት።

ድንች ወዳድ፦ ድንቹ ምን አጠፋ? 100 ግራም የተቀቀለ ድንች 87 ካሎሪ ገደማ ነው፣ ቅባት የለውም ማለት ይቻላል። በፖታሲየም ከሄድን ችብስ ራሱ ከቦሎቄ አያንስም። የሚያከብደው ዘይቱ ነው። ቀቅለሽ ከእንቁላል ጋር ቋጥሪለት፣ አስተማሪዋም ቅር አይላትም።

አሮጌ ገበያ፦ ሶዳ። አንድ ቁንጥር ይበቃል።

ጤና ባለሙያዋ፦ ሶዳ ያለሰልሳል፣ ግን ቫይታሚን ቢ1ን ይቀንሳል። እህቴ፣ ቀድመሽ ዘፍዝፈሽው ነበር? ምን ጨምረሽበታል?

የመጀመሪያ ልጅ እናት፦ አልዘፈዘፍኩም፣ ምስርም ዘፍዝፌ አላውቅም። ቲማቲም ከመጀመሪያው ከትቼበታለሁ፣ ልጄ ስለሚወድ። እሱም መጠበቅ ሰልችቶት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ከቦሎቄው አራት አምስት ፍሬ ቆረጣጥሞ ተኛ።

ጤና ባለሙያዋ፦ የሶዳውን ነገር ተዉት፣ ልጁ ይቅደም። በደንብ ያልበሰለ ቀይ ቦሎቄ ውስጥ ሌክቲን የሚባል ነገር አለ፣ ሆድ ይመርዛል። አራት አምስት ፍሬም ሊበቃ ይችላል። ብዙውን ጊዜ ከተበላ በኋላ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ያስታውካል፣ ከዚያ ተቅማጥ ይከተላል። ስለዚህ ቢያንስ እስከ 5 ሰዓት ተኩል አጠገቡ ሁኚ። ካስታወከው ኦአርኤስ በትንሽ በትንሹ አጠጪው። አላቆም ካለ ወይም ከደከመ ጤና ጣቢያ ውሰጂው፣ እስኪነጋ አትጠብቂ። አብዛኛው ሰው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይሻለዋል፣ አትደንግጪ።

ድስቱን አውርጂው። ደከም ያለ ከሰል ላይ ሳይንተከተክ የቆየ ቦሎቄ ከጥሬውም ሊብስ ይችላል። ሌላ ጊዜ ማታ ዘፍዝፊው፣ ከ5 ሰዓት አይነስ። ውሃውን ድፊና በአዲስ ውሃ 30 ደቂቃ በደንብ ይንተክተክ፣ ከዚያ እስኪለሰልስ ቀቅዪው። ቲማቲምና ሎሚ ቆዳውን ስለሚያጠነክሩት መጨረሻ ላይ ናቸው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል፣ ጊዜ መጨመር አለብሽ።

ታቦር ሥር፦ ለነገ ምስር ወጥ ሥሪለት። ከቦሎቄ ጋር ዘመድ ነው፣ ቶሎ ይደርሳል።

የመጀመሪያ ልጅ እናት፦ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው። ተኝቷል፣ እስካሁን ምንም የለም። ድስቱን ደፋሁት። ኦአርኤስ ቤት ውስጥ አለ።

መናኸሪያ፦ ሐዋሳ ዱሜ የምትባለዋን ትንሿን ቀይ ብትገዢስ?

ጤና ባለሙያዋ፦ እሷም ቦሎቄ ናት፣ መዘፍዘፍና መንተክተክ አይቀርላትም።

አሮጌ ገበያ፦ እንደምን አደራችሁ። እህቴ፣ ልጁ እንዴት አደረ?