አርኤስ-44 ላይ የራሴን ድምፅ መስማት አልቻልሁም፤ ችግሩ የፍሪኩዌንሲ ነው ወይስ የኃይል?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። በአርኤስ-44 የአማተር ሬዲዮ ሳተላይት በኩል ለመገናኘት በ145.965 ሜጋኸርዝ እየላክሁ በ435.640 ሜጋኸርዝ አዳምጣለሁ። የሌሎችን ንግግር አጥርቼ ብሰማም የራሴ ሳይመለስልኝ ሳተላይቱ ይጠልቃል። ኃይሉን ከ10 ወደ 50 ዋት ሳሳድገው ጭራሽ የሌሎቹም ድምፅ ጠፋ። በቅድሚያ የቱን ልፈትሽ?

ምላሽ 1
እባክዎ ኃይል ከመጨመርዎ በፊት ተቀባይዎን ይመርምሩ። የ145.965 ሦስተኛ ሃርሞኒክ (መላኪያው ሳይፈለግ የሚያወጣው ሦስት እጥፍ ፍሪኩዌንሲ) 437.895 ሜጋኸርዝ ላይ ስለሚያርፍ፣ ከሚያዳምጡበት ባንድ ገብቶ ተቀባዩን ሊያደነቁረው ይችላል። ሳተላይቱ ገና ሳይወጣ፣ ፍሪኩዌንሲው ነፃ መሆኑን አረጋግጠው፣ 435.640 ላይ ያለውን ሹሹታ እያዳመጡ የመላኪያውን ቁልፍ ለአፍታ ይጫኑ። በዚያች ቅጽበት ሹሹታው ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ጥፋቱ የሳተላይቱ ሊሆን አይችልም፤ በመላኪያውና በተቀባዩ መካከል ማጣሪያ ያስፈልግዎታል።

ምላሽ 2
የሳይድባንዱንም (ድምፁ ከፍሪኩዌንሲው በላይ ወይስ በታች እንደሚላክ የሚወስነውን) ነገር አይርሱ። ትራንስፖንደሩ (ሳተላይቱ ላይ ያለው፣ የተቀበለውን በሌላ ፍሪኩዌንሲ መልሶ የሚልከው መሣሪያ) የፍሪኩዌንሲዎችን ቅደም ተከተል ገልባጭ ስለሆነ በሎወር (በታችኛው) ሳይድባንድ ተልኮ በአፐር (በላይኛው) ሳይድባንድ ይሰማል፤ የሁለቱ ፍሪኩዌንሲዎች ድምርም ዶፕለር (በሳተላይቱ እንቅስቃሴ የሚመጣው የፍሪኩዌንሲ ለውጥ) ባይኖር ሁልጊዜ 581.605 ነው። ነገር ግን ሳተላይቱ ሲወጣ ድምፅዎ ከ435.640 በላይ፣ ሲጠልቅ ደግሞ ከበታች፣ 5 ኪሎኸርዝ ያህል ርቆ ሊገኝ ስለሚችል፣ አንድ ቦታ ላይ ቆመው ቢጠብቁ ያመልጥዎታል። ሳተላይቱ ወደ እርስዎ እጅግ በሚቀርብበት ጊዜ ግን ልዩነቱ ወደ ዜሮ ስለሚወርድ፣ ለመጀመሪያ ፍተሻ ያንን ሰዓት ይምረጡ።

ምላሽ 3
ስለ ኃይሉ አጥብቄ የምለምንዎት ነገር አለ። የትራንስፖንደሩን ኃይል የሚጋሩት በዚያ ሰዓት የሚናገሩት ሁሉ ናቸው፤ አንዱ ሲበረታ የሌሎቹ ይደክማል፤ በትንሽ አንቴና የሚጥር ሰው ከነጭራሹ ይጠፋል። ስለዚህ በ5 ዋት ጀምረው የሞርስ ነጥቦችን በዝግታ እየላኩ ራስዎን ይፈልጉ፤ ሲያገኙትም 435.605 ላይ ካለው ቢከን (ሳተላይቱ ራሱ ከሚልከው መለያ ምልክት) ጋር ያነጻጽሩት፤ ከቢከኑ የበረታ ከሆነ ይቀንሱ። ዋቱን ሲለኩ ግን በአንቴናው በኩል ይሁን፤ ኬብሉ 3 ዴሲቤል ካባከነ የሚወጣው ከግማሽ አይበልጥምና።

ጠያቂው
ከልብ አመሰግናለሁ። ቁልፉን ስጫን ሹሹታው በእርግጥ ይጨምር ነበር። ማጣሪያ ካስገባሁ በኋላ ነጥቦቼን 435.643 ላይ በ8 ዋት ሰማኋቸው፤ ከቢከኑም ትንሽ ይደክማሉ።