የቅድመ አያቴን መቃብርና ጋዜጣ ላይ የወጣውን ማስታወቂያ እየፈለግኩ ነው፣ እርዱኝ

የለገሀር_ዘር፦
ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ነገሩ ረዘም ስለሚል ከወዲሁ ይቅርታ። የእናቴ አያት ለገሀር ምድር ባቡር ይሠራ የነበረ ሰው ነው፣ እዛው አዲስ አበባ ነው የሞተው። ሴት አያቴ የሱ ልጅ ናት፣ ሲሞት ዘጠኝ አመቷ ነበር አሁን ሰማንያ ልትደፍን ነው እና ሳትደክም አባቷ ያረፈበትን ባሳያት ብዬ ነው የተነሳሁት። ፎቶ የለንም፣ ወረቀት የለንም፣ ያለን የሷ ወሬ ብቻ ነው። የጃንሆይ ኢዮቤልዩ ሰሞን ነው ትላለች፣ በሚካኤል ነው ያረፈው ትላለች፣ ደሞ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ አንድ ጎረቤት ሲያነብላቸው እናቷ እንዳለቀሰች ታስታውሳለች።

እኔ ያለሁት አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ኢዮቤልዩው 1948 ነው ሲሉኝ ስምንት ደምሬ 1956 አልኩና፣ ሚካኤል ካለች ኅዳር ሚካኤል ነው ብዬ፣ እዚህ ቤተ መጻሕፍት ማይክሮፊልም ላይ የኢትዮጵያን ሄራልድ የኖቬምበር 1956 እትም ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ስገለብጥ ዋልኩ፣ ዓይኔ ሊጠፋ ነው፣ ምንም የለም። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ተቀበረበት የተባለው ደብር ሄዶ ጠይቆ ነበር፣ በዚህ ስም የተቀበረ የለም አሉት፣ መቃብሩም ከፈረሰ ቆይቷል። ከዚህ በኋላ የት ልሂድ?

ጋሽ_ቁጥር፦
እህቴ መጀመሪያ ዓመቱ ላይ ተሳስተሻል። ስምንት የሚደመረው ከጃንዋሪ ወዲህ ላለው ነው፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 ድረስ ሰባት ነው። የ1948 ጥቅምትና ኅዳር በነሱ 1955 ነው። ንጉሡ ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 23 ቀን 1923 ስለሆነ 25ኛ ዓመቱ የተከበረው በ48 ጥቅምት ላይ ነው፣ አንቺ ልክ አንድ ዓመት አልፈሽ ነው የገለበጥሽው። ለዓይንሽ አዝናለሁ 😄

ሁለተኛ፣ ሚካኤል ሁሉ ኅዳር ሚካኤል አይደለም፣ በየወሩ 12 ሚካኤል ነው። ኅዳር 12 ቢሆን ኖሮ እማማ ጭሱን ያስታውሱ ነበር እኮ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ኅዳር ሲታጠን ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ሲያቃጥል አይረሳም፣ ከ1911 የኅዳር በሽታ ጀምሮ የመጣ ነገር ነው። በተለይ ልጅ ሆነሽ አባትሽ በዛ ቀን ቢሞት ጭሱ ከዛ በኋላ በየዓመቱ ነው የሚያስታውስሽ። እስቲ ጠይቂልኝ፣ ጭስ ነበረ ወይ በይያቸው። ተዝካሩ መቼ እንደወጣም ጠይቂ፣ የሞት ቀን ይረሳል፣ ድግስ ግን አይረሳም።

መሪጌታ_ነኝ_ባይ፦
ደብሩ የለም ያለው ዋሽቶ ላይሆን ይችላል። የአክስትሽ ልጅ የጠየቀው በዓለም ስሙ ነው አይደል? ፍትሐት እኮ የሚደረገው በክርስትና ስም ነው፣ ካህኑ ነፍሰ ገብርከ ብሎ የሚጠራው ሰፈር የሚያውቀውን ስም አይደለም። የድሮ መዝገብ ላይ አንዳንዱ ጸሐፊ ሁለቱንም ይጽፋል፣ አንዳንዱ የክርስትና ስሙን ብቻ ጽፎ ያልፋል፣ እንደ ጸሐፊው ነው።

የክርስትና ስሙን አናውቅም እንዳትይኝ። አያትሽ ቤተ ክርስቲያን ሄደው የሟቾቻቸውን ስም ሲያስጠሩ አባታቸውን ማን ብለው ነው የሚያስጠሩት? እሱ ነው ስሙ። ሰው ስትጠይቂው አላውቅም ይልሻል፣ ለቄሱ ሲሰጥ ግን ሳያስበው ይናገረዋል።

ደሞ መቃብሩ ፈረሰ ማለት አፅሙ ጠፋ ማለት አይደለም። ቦታ ሲጠብ አፅም ይፈልስና ፉካ (የአፅም ማኖሪያ የግንብ ሳጥን) ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የቀብር መዝገቡን ብቻ ሳይሆን የፉካውንም ዝርዝር እንዲያዩለት ይጠይቅ፣ ሰበካ ጉባኤው ቢሮ። በትሕትና ይጠይቅ ደሞ፣ የዛሬ ልጆች ቢሮ ገብተው ስልካቸውን እያዩ ነው የሚያናግሩት።

ፒያሳ_67፦
እኔ ትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ ልቸልስ። በዛ ዘመን ተራ ሠራተኛ ሞተ ተብሎ ጋዜጣ ላይ ዜና አይወጣም፣ ማዕረግ ያለው ሰው ካልሆነ። ስለዚህ ዜና አትፈልጉ። ቤተሰብ ወይም የሥራ ጓደኛ ከፍሎ ያስወጣው ማስታወቂያ ነው ሊሆን የሚችለው፣ ያውም ብዙ ጊዜ ለቀብር ሳይሆን ለ40 ቀኑ ጥሪ ወይም ለቀባሪዎች ምስጋና። ሄራልድ ደግሞ እንግሊዝኛ ነው፣ የለገሀር ጎረቤት ጮክ ብሎ ያነበበው ሄራልድን ይመስልሻል? አዲስ ዘመን ነው። አዲስ ዘመን ከ1933 ጀምሮ አለ፣ የድሮው ጥራዝ ወመዘክርም (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት) ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍትም ይገኛል።

ስም ስትፈልጊ ደሞ በሁሉም ፊደል ነው፣ ኃይሉ የተባለ ሰው ሀይሉም ሐይሉም ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፣ ማዕረግ ካለው በማዕረጉ ነው የሚጀምረው። ዕድሩንም አትርሺ፣ አንዳንድ የዕድር ጸሐፊ መዝገቡን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚጠብቀው። የሞት ምስክር ወረቀት የሚባለውን ግን ተዪው፣ በአገር ደረጃ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ነው።

የለገሀር_ዘር፦
እናንተ ሰዎች!! ዛሬ አያቴን በቫይበር አገኘኋት። ጭስ ነበረ ወይ ስላት ምን ያለችው ጭስ ነው ብላ ሳቀችብኝ፣ ስለዚህ ኅዳር ሚካኤል አይደለም። ተዝካሩ ስላት ደሞ ወዲያው "ጽዮን ዕለት ነው፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ነጠላውን እንዳጣፋ መጣ፣ ድግሱም የጾም ነበር፣ ሥጋ የለም ብዬ አለቀስኩ" አለች። 70 ዓመት ሙሉ ማንም ጠይቋት አያውቅም።

የክርስትና ስሙን ግን አላውቅም አለች። ትንሽ ቆይቼ ለቄሱ ማን ብለሽ ነው የምትሰጪው ስላት ገብረ ሥላሴ አለችኝ፣ ቆይ ይሄ እኮ ነው ስል እሷም ደነገጠች።

ጋሽ_ቁጥር፦
በይ ቁጠሪ። ኅዳር 21 ጽዮን 40ኛው ቀን ከሆነ፣ ከኅዳር 1 እስከ 21 ሃያ አንድ ቀን ነው፣ የቀረው 19 ነው። ጥቅምት 30ን ይዘሽ ወደ ኋላ 19 ስትቆጥሪ የምታርፊው ጥቅምት 12 ላይ ነው። ሚካኤል! እማማ አንዲት ቀን አልሳቱም። የጾሙ ነገር ብቻውን ባልጠቀመን ነበር፣ ኅዳር 12 ቢሞትም 40ው ታኅሣሥ 21 ነው የሚውለው፣ እሱም ነቢያት ጾም ውስጥ ነው። ጽዮን ያሉት ነው የለየው።

ስለዚህ ከጥቅምት 12 እስከ ኅዳር 21 ቀን 1948 ያለውን አዲስ ዘመን ብቻ ነው የምታዩት። ያኔ እንደዛሬው በየቀኑ አይወጣም ነበር፣ ጥቂት ቅጠል ነው። የጥቅምቱ ግን ኢዮቤልዩ በኢዮቤልዩ ስለሚሆን ጥግ ጥጉን እዩ፣ እኔ ብሆን ከኅዳር 10 ወዲህ ካለው ነው የምጀምረው። ካጣችሁ በዓመቱ የ1949 ጥቅምት መጀመሪያ አለላችሁ፣ ሙት ዓመት ያስወጡ ይሆናል።

የለገሀር_ዘር፦
ሪፖርት ላድርግ። የአክስቴ ልጅ ተመልሶ ደብሩ ሄደ (በትሕትና 😅)፣ ገብረ ሥላሴ ብሎ በ48 ጥቅምት አስፈለገ። ጥቅምት 13 ላይ አንድ ገብረ ሥላሴ አለ፣ ጎኑ ላይ "ባቡር" ብቻ ተጽፎበታል፣ የአባት ስም የለም። ቤት ውስጥ ስናወራው ሁላችንም ጸጥ አልን። የፉካው ዝርዝር ላይም በዛው ስም አንድ አለ፣ ሰሌዳው ግን ተሰንጥቆ ግማሹ ረግፏል፣ ስለዚህ እሱ ነው ብዬ አልምልም፣ የፈለሱበትን ደብተር ያዥ ዲያቆን ሐሙስ ይገባል ብለውታል።

ጋዜጣው ገና ነው፣ ልጁ ሥራ ስላለው ወመዘክር የሚሄደው በሳምንት አንድ ጠዋት ነው። የጥቅምቱን ጨርሷል፣ ፒያሳ እንዳልከው ምንም የለም፣ ኅዳርን ጀምሯል። እስከዛው ፉካ ላይ አዲስ እብነ በረድ ማስለጠፍ ፈቃዱ ከሰበካው ነው ወይስ ከሌላ ቦታ፣ ያሠራችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ።