ራም ሞሃን ሮይን የገዛ ወገኖቹ ለምን ጠመዱት?

ጠያቂ፦ ሰላም ቤቶች፣ ይሄ የህንዱ፣ የቤንጋል ክፍለ ሀገሩ ራም ሞሃን ሮይ ባሏ የሞተባት ሴት ከሬሳው ጋር እንዳትቃጠል ነው የታገለው አይደል? ታዲያ ህዝቡ ለምን ተነሳበት?

መልስ 1፦ ሁሉም አልተነሳበትም ወንድሜ። በፈረንጆቹ 1829 ሳቲ (ይሄ ሴቷን ከባሏ ሬሳ ጋር የማቃጠል ልማድ) ሲታገድ የካልካታ ከተማ ትላልቅ ሰዎች እነ ራዳካንታ ዴብ ያኔ ህንድን የሚገዛው የእንግሊዝ መንግስት ሃይማኖታችን ውስጥ ገባ ብለው ዳርማ ሳባ የሚባል ማህበር አቋቋሙና ለንደን ድረስ አቤት አሉ፣ 1832 ላይ ውድቅ ሆነባቸው። ደግሞ ራዳካንታ የሴቶችን ትምህርት የሚደግፍ ሰው ነበር፣ ይሄ ነው የሚገርመኝ።

መልስ 2፦ ጠቡ ግን ከሳቲም በፊት ነው፣ ጣኦት ማምለክ ይቅር ማለቱ ነው መጀመሪያ ያስቆጣቸው፣ ሂንዱ ኮሌጅ የሚባል ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል እሱ ካለበት አንገባም ስላሉ ለትምህርት ቤቱ ሲል ራሱን አገለለ። እናቱ እንኳን በሃይማኖት ተጣልታዋለች፣ ያሳዝናል።