ጊዜን ወደ ኋላ ማጠንጠን፦ እንደ ብሬይድ ላለ ጌም ምኑን እንቅዳ?

ግማሽ_ፍሬም
ሁለት ዳይሜንሽን የእንቆቅልሽ ጌም እየሠራሁ ነው። ተጫዋቹ ሺፍትን ተጭኖ ሲይዝ ጊዜ እንደ ካሴት ወደ ኋላ ይጠነጠናል። በሰከንድ 60 ፍሬም (ሥዕል)፣ በአንድ ደረጃ እስከ 150 ዕቃ። አሁን የምቀዳው ኢንፑቱን (ተጫዋቹ በኪቦርድ የሚሰጠውን ትእዛዝ) ብቻ ነው፤ ወደ ኋላ ሲባል ደረጃውን ከመጀመሪያው እንደገና አስሮጣለሁ። ግን ጨዋታው በረዘመ ቁጥር ይንቀራፈፋል፣ ጠላቶቹም ቀድሞ ባልሄዱበት መንገድ ይሄዳሉ። የሁሉንም ዕቃ ሁኔታ ብቀዳ ደግሞ ሜሞሪ የሚበቃ አይመስለኝም። ሌላው፣ ጊዜ የማይነካው የበር ቁልፍ አለኝ፤ ተጫዋቹ ይዞት ወደ ኋላ ሲመለስ ከእጁ ይወድቃል። ለምን?

ዜሮ_ድምር
ኢንፑት መቅዳቱን ተወው። 30ኛው ደቂቃ ላይ አንድ ፍሬም ወደ ኋላ ለመሄድ 108,000 ገደማ ፍሬም እንደገና ማስላት አለብህ። የጠላቶቹ መሳትም ከዚያው ይመጣል፦ የራንደም ሲዱ (የዘፈቀደ ቁጥሮቹ የሚመነጩበት መነሻ ቁጥር) አልተመለሰም፣ ወይም የፍሬሙ ርዝመት ቋሚ ሳይሆን እንደ ማሽኑ ፍጥነት ይለዋወጣል። ጊዜን በማጠንጠን የሚታወቀው ጌም ብሬይድም (2008) የሚቀዳው ሁኔታን እንጂ ኢንፑትን አይደለም።

ሜሞሪው ያስፈራል እንጂ ይበቃል። ቦታ 8 ባይት፣ ፍጥነት 8፣ አኒሜሽንና ምልክቶች 4፤ በዕቃ 20 ባይት። 150 ዕቃ ሲሆን በፍሬም 3,000፣ በደቂቃ 10.8 ሜጋባይት፣ በ30 ደቂቃ 324። ይሄ ሁሉንም በየፍሬሙ ከጻፍክ ነው። የተለወጠውን ብቻ ጻፍ። በአንድ ፍሬም 10 ዕቃ ቢንቀሳቀስ ከመለያ ቁጥሩ ጋር 220 ባይት ነው፤ በየ60 ፍሬሙ አንድ ሙሉ ቅጂ ጨምርበት፣ 30 ደቂቃው 29 ሜጋባይት አካባቢ ላይ ያርፋል።

ኋላ_ቀር
የዜሮ_ድምር ሒሳብ ልክ ነው፤ አንድ ነገር ግን ዘሏል። አዲሱን ዋጋ ብቻ ከጻፍክ በቀጥታ ወደ ኋላ መሄድ አትችልም፤ አሮጌውን ብቻ ከጻፍክ ደግሞ ተጫዋቹ አብዝቶ አጠንጥኖ ትንሽ ወደ ፊት ልመለስ ሲል ትቸገራለህ። የሁለቱን ኤክስኦር (ቢት በቢት የሚለያዩበትን) ጻፍ። ያው መዝገብ በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል፣ ተጨማሪ ባይትም አይፈልግም። በ8 እጥፍ ፍጥነት ማጠንጠን ማለት በአንድ ሥዕል 8 መዝገብ መተግበር ብቻ ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ፦ የሞተን ጠላት ከሜሞሪ አታጥፋ፣ «ሞቷል» የሚል ምልክት አድርግበት። መለያ ቁጥሩንም ለሌላ ዕቃ አትስጥ፤ ከሰጠህ ወደ ኋላ ሲሄድ የጠላቱ መዝገብ ድንጋዩ ላይ ይተገበራል። ይሄን ስህተት ፈልጎ ማግኘት ደግሞ ቀን ይበላል።

አረንጓዴ_ጭረት
ወደ በር ቁልፉ ልምጣ። «ቁልፉን ማን ይዟል» የሚለውን የጻፍከው ተጫዋቹ ላይ ይመስለኛል። ተጫዋቹ ጊዜ ይነካዋል፤ ስለዚህ ቁልፉን ካነሳበት ቅጽበት በፊት ሲመለስ «እጄ ባዶ ነው» የሚለውም አብሮ ይመለሳል፣ ቁልፉም ይወድቃል። መረጃውን ወደ ቁልፉ አዙረው፦ ቁልፉ «የያዘኝ ዕቃ ቁጥር 1» ይበል። ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) ሳይሆን የተጫዋቹ መለያ ቁጥር። ቁልፉ ከመዝገቡ ውጭ ስለሆነ ባለቤቱን አይረሳም፣ ቦታውን ግን በየፍሬሙ ከተጫዋቹ እጅ ይወስዳል። ብሬይድ ሦስተኛው ዓለም ላይ መውጫ የሌለው ጉድጓድ ገብተህ ጊዜ የማይነካውን አረንጓዴ ቁልፍ ይዘህ በማጠንጠን የምትወጣው እንቆቅልሽ የቆመው በዚችው ሕግ ላይ ነው።

ጊዜ የማይነካው ተንቀሳቃሽ መድረክ ካለህ ግን ተጠንቀቅ። ተጫዋቹ ወደ ድሮ ቦታው ሲመለስ መድረኩ ሌላ ቦታ ደርሷል፤ አየር ላይ ሊቆም ወይም መድረኩ ውስጥ ሊቀበር ይችላል። እየተጠነጠነ ሳለ ግጭት አታስላ፤ ሺፍቱ ሲለቀቅ ግን አንዴ ፈትሽና ከተቀበረ ወደ ቅርቡ ባዶ ቦታ ግፋው።

ግማሽ_ፍሬም
ልክ ነህ፣ ተጫዋቹ ላይ ነበር፤ አዞርኩት፣ ከእጁ አይወድቅም። ጭሱና ብልጭታውስ? እነሱ 150ው ውስጥ የሉም።

ኋላ_ቀር
እነሱን በጭራሽ አትቅዳ። የተወለዱበትን ፍሬምና ሲዱን ብቻ ያዝ፤ ቦታቸውን በየፍሬሙ ከመነሻ ቦታ፣ ከፍጥነትና ከስበት ቀመር አስላ። ጊዜው ሲቀንስ ጭሱ ራሱ ወደ ጭስ ማውጫው ይገባል።