በስካጂት ወንዝ የትኛውን ሳልመን መያዝ፣ የትኛውንስ መልቀቅ ይገባል?

የጣና ልጅ
ጤና ይስጥልኝ። ሲያትል ከገባሁ በኋላ የማጥመጃ ፈቃድና የያዝሁትን የምመዘግብበትን ካርድ አውጥቼ፣ ፒንክ የሚባለው የሳልመን ዝርያ በሚያዝበት ባለፈው ወቅት ከሲያትል በስተ ሰሜን ወዳለው ስካጂት ወንዝ ሄጄ ነበር። መንጠቆዬ ክንዴን የሚያህል ዓሣ ያዘልኝና ጠጠሩ ላይ አውጥቼ ፎቶ ሳነሣ፣ አጠገቤ ያጠምዱ የነበሩ አዛውንት «ቶሎ ወደ ውኃው መልሰው!» ብለው ተቆጡኝ። መለስሁት፤ ጥፋቴ ግን እስካሁን በቅጡ አልገባኝም። ጣና ዳር ላደገ ሰው የያዙትን መልቀቅ ይከብዳልና፣ የምታውቁ ብታስረዱኝ።

ወንዝ ወራጅ
ወንድሜ፣ የያዙት ቺኑክ የሚባለው የሳልመን ዝርያ ሳይሆን አይቀርም፤ እዚህ «ኪንግ» የሚሉት ማለት ነው። የታችኛው ድዱ ጥቁር ሲሆን ነጠብጣቡም በጅራቱ ላይኛውም ታችኛውም ክፍል ይታያል። ኮሆ የሚባለው ሌላው ዝርያ ድዱ ነጣ ያለ፣ ነጠብጣቡም በጅራቱ የላይኛው ክፍል ብቻ ነው። ፒንክ ደግሞ ጅራቱ ላይ ትልልቅ ሞላላ ነጠብጣቦች አሉት። ስካጂት የሚፈስበት የባሕር ወሽመጥ፣ የፒዩጀት ሳውንድ፣ ቺኑክ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጥፋት ስጋት ካለባቸው ዝርያዎች ጋር በፌዴራል ሕግ ስለ ተመዘገበ፣ የዱሩ፣ ማለትም ወንዝ ውስጥ የተፈለፈለው፣ ይለቀቃል። በዋሽንግተን ግዛት ደግሞ የሚለቀቅ ሳልመንን ከወንዝ ውኃ ፈጽሞ ማውጣት ክልክል ነው፤ አዛውንቱ የተቆጡት ለዚህ ይመስለኛል። ማራቢያ ጣቢያ ያደገውን የሚለዩት ከጅራቱ ቀደም ብላ ጀርባው ላይ ባለችው ትንሽ ሥጋማ ክንፍ ነው፤ ጣቢያው ለምልክት ስለሚቆርጣት፣ ከተቆረጠች የማራቢያ ነው።

እመቤት
አንድ ነገር ላርም። የክንፏ ምልክት ለፒንክ አይሠራም፤ የስካጂት ፒንክ በአብዛኛው እዚያው ወንዙ ውስጥ የሚፈለፈል ስለ ሆነ ክንፏ ሙሉ ናት፣ ወቅቱ ሲፈቅድ ግን ይያዛል። ስለዚህ መጀመሪያ ዝርያውን፣ ቀጥሎ ክንፏን ይዩ። ደንቡ በወቅቱ መካከል ስለሚለወጥም፣ ከቤት ከመውጣትዎ በፊት የዕለቱን ማስታወቂያ ያንብቡ።

እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን እግራችን ነው። ስካጂት በ1978 እ.ኤ.አ. በፌዴራል ሕግ ጥበቃ ሥር የገባ ወንዝ ነው፤ ሆኖም ሕጉ ማጥመድን አይከለክልም፣ በውኃው ውስጥ የሚራመደውንም ሰው እግር አይጠብቅም። በመከር እንስቷ ሳልመን ጠጠሩን በጅራቷ እየመታች ጉድጓድ ትቆፍርና ዕንቁላሏን ትጥላለች፤ የተገለበጠው ድንጋይ በላዩ የበቀለው አረንጓዴ አልጌ ስለሚለቀው ከዙሪያው ነጣ ብሎ ይታያል። እዚያ ላይ የቆመ ሰው ሳያውቅ ዕንቁላሉን ይደፈጥጣል።

የጣና ልጅ
እግዜር ይስጥልኝ። ያን ነጣ ያለ ጠጠር አይቼው ነበር፤ ለመቆም የሚመች መስሎኝ ረግጬዋለሁ። ከእንግዲህ ከዳር ሆኜ እወረውራለሁ።